አዳሙ እንዳይሞት

ዓርብ ዓርብ ቤዛዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አዘዞ ላይ የእናቷ ተከታታይ ልቦለድ የሚወጣበትን መጽሔት ገዝታ ትመጣለች። እናቷ የትነበርሽ ፀዳ ባለው የኪራይ ቤታቸው በረንዳ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች፣ በዚያ ሳምንት የጻፈችውን በልጇ ድምፅ ትሰማለች። ራሷ አታነበውም። የታተመ ነገር አይመለስምና፣ ስህተት ባገኝስ ብላ ትፈራለች።

«ዛሬ ሰዉን ልታስለቅሺው ነው» አለች ቤዛዊት መጽሔቱን እየገለጠች። «ገና አርዕስቱን አይቼ ሆዴ ባባ።»

«አንብቢ ዝም ብለሽ።»

ቤዛዊት አነበበች። የልቦለዱ ጀግና አዳሙ፣ የደባርቅ መንገድ ሾፌር፣ ኮሶዬ ጠመዝማዛው ላይ መኪናው ተገልብጦበት ሆስፒታል ተኝቷል። የሚወዳት ትዕግስት አልጋው ራስጌ ቆማለች። ሊጸልዩለት የመጡት ቄስ የክርስትና ስሙን ጠየቁ፤ በክፍሉ ካሉት ሰዎች የሚያውቅ ጠፋ።

«‹ትዕግስት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አባ፣ እኔ አውቀዋለሁ አለች። ወልደ ሰማዕት ነው።›»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ወልደ ሰማዕት። አንቺ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?»

የትነበርሽ መጽሔቱን ከልጇ እጅ ነጠቀችና በገዛ ዓይኗ አየችው። ስሙ እዚያ ነበር፤ በጥቁር ቀለም፣ ከነሙሉ ፊደሉ፣ በሞት አፋፍ ላይ ካለ ሰው ጎን። ያ የአዳሙ ስም አልነበረም። የሰውአገኝ ነበር።

ሰውአገኝ ሕያው ሰው ነው። የሰፋችውን ዩኒፎርም እስከ ዳባት ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚያደርስላት፣ በአባዱላው ከጎንደር ደባርቅ የሚመላለስ፣ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ። ባሏ መተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ በዚያው ሌላ ቤት ከመሠረተ ወዲህ፣ የትነበርሽ ደህና ዋልሽ የሚላትን ወንድ ሁሉ ከመሄጃው ቀን ጀምራ ነበር የምታየው። ሰውአገኝ ግን በዝግታ ገባ። ዕቃውን አድርሶ ሲመለስ ደጃፏ ላይ አንዴ ጥሩምባ ይነፋል፤ ደረስኩ ማለቱ ነው። እሷም ያን ሳትሰማ እራት አይበላላትም።

አንድ እሑድ ከቁስቋም ቅዳሴ ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሰው ራቅ እስኪል ጠብቆ የክርስትና ስሙን ነገራት። እንዲህ ያለ ስም በአደባባይ አይነገርም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ብለው እናቶች ከጎረቤት፣ አንዳንዴም ከገዛ ምራታቸው ይደብቁታል። «ከእናቴና ከነፍስ አባቴ ሌላ የሚያውቀው የለም» አላት። «አንቺ ጋ ይቀመጥ።» ከዚያ ቆሞ ፊቷን አየ። «አንቺስ ምን ትይኛለሽ?»

በአፏ ሙሉ የምትለው ነበራት። «መሸ፣ እንሂድ» አለችው። ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች።

ለአዳሙ ቢሆን ለመናገር እንዲህ አትፈራም ነበር። አዳሙን ከባዶ ወረቀት ላይ አንስታ ሰው ካደረገችው ዓመት አልፎታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጃኬት አለበሰችው ይሆን ወይ ብላ ያለፈውን ምዕራፍ ታገላብጣለች። ጾም ሲገባ የጾም ምግብ ታበላዋለች። መንገድ ሳይወጣ በፊት ደግሞ በየሳምንቱ ፍሬኑን ታስፈትሸዋለች፤ የመጽሔቱ አዘጋጅ አቶ ምናለ በየሳምንቱ ይሰርዘዋል። «አንባቢ ፍሬን አይፈልግም፣ እህቴ» ይላታል። ቤዛዊትም አታስቀምጣት፤ ማዕድ ሲቀርብ፣ «እማዬ፣ አዳሙ በላ?» ትላለች።

ያን ምዕራፍ ስትጽፍ ቄሱ ስም ጠየቁ። እሷም ስም ሰጠች። የማን እንደሆነ አላስተዋለችም።

«እማዬ፣ ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለችና ስልኳን አነሳች። የሰውአገኝ ስልክ ዝግ ነበር።

ቅዳሜም ዝግ ነበር። እሑድም። ደጃፏ ላይ ጥሩምባ አልተነፋም። አንብቦት ይሆናል አለች፤ አንብቦ ጠልቶኛል። ጥቂት ቆይታ ከዚህ የከፋው መጣባት። በስሙ ሞት ጽፌበት መንገድ ላይ ቢቀርስ? በሐሳቧ ኮሶዬ ጠመዝማዛ ላይ ራሷ ስታቆመው አየች። ደግሞ ስትገለብጠው።

ሰኞ አቶ ምናለ ደወለ። ድምፁ የሠርግ ቤት ይመስላል።

«የትነበርሽ፣ አንባቢ በሙሉ እያለቀሰ ነው። በሚቀጥለው ይሙት። ግን ቸኩሎ እንዳይሞት፤ ሁለት ገጽ ስጪው።»

«እንዴት ይሙት?»

«እንዴትማ፣ ሰው እንደሚሞተው ነዋ።»

«የክርስትና ስሙን ብንቀይረው? ተሳስተናል ብለን?»

«ያስለቀሳቸው እሱ እኮ ነው። የታተመ ስም ደግሞ በምን ይቀየራል?» አለና ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጁን በእውነት የወለድሽው አስመሰልሽው።»

ወረቀት ፊቷ ዘርግታ ተቀመጠች። «አዳሙ ዓይኑን» ብላ ጻፈችና ቀጣዩን ቃል መጻፍ አቃታት። ከደነ ካለች ሰው ገደለች። ገለጠ ካለች አቶ ምናለ ይሰርዘዋል። እስክሪብቶው እንደ ጋለ ነገር ከእጇ ወደቀ፤ ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዋን ደርባ መናኸሪያ ሄደች።

አንድ የሚያውቃት ሾፌር ስለ ሰውአገኝ ስትጠይቀው አንገቱን ነቀነቀ። «መኪናው ቆሟል። እናቱ ይዘውታል አሉ። ታሟል መሰለኝ እንጃ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማችም። አምባ ጊዮርጊስ በሚለው የመጀመሪያ መኪና ተሳፈረች።

መኪናው ወለቃን አልፎ ዳገቱን ሲያያዘው ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ወሬ ጀመሩ። መጀመሪያ ስለ ጤፍ ነበር። ቀጥሎ ስለ አዳሙ ሆነ።

«ይሙት እንጂ» አለች አንደኛዋ። «ካልሞተ እኔ ምኑን ነው ያን ሁሉ ያለቀስኩት? ለቅሶዬን የሚመልስልኝ አለ?»

«ኧረ ይዳን። ትዕግስት ምን በወጣት?»

«እሷ እንኳ አንደበቷ ሸጋ ነው። ሁሉን ነግራዋለች። ቢሞትም አይቆጫት። የሚቆጨው ዝም ያለ ነው።»

የትነበርሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኮሶዬ ላይ ጉም ከገደሉ ወደ መንገዱ እየወጣ ነበር። ጠመዝማዛው እስኪያልፍ ዓይኗን ጨፈነች። እዚያ ቦታ ላይ የወደቀ ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ የጣለችው እሷ ናት። ቢሆንም የተሰበረ መስታወት አያለሁ ብላ ፈራች።

የሰውአገኝን ቤት ለማግኘት አልተቸገረችም። ከከተማው ጀርባ፣ የገብስ ማሳ ዳር፣ አባዱላው በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። በአጥሩ በር ላይ ጋቢ የደረቡ ቀጭን ሴት የገብስ ነዶ እየተሸከሙ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። አገጫቸው የሰውአገኝ ነው። እናቱ እትዬ እንኳየሁ መሆናቸውን ሳትጠይቅ አወቀች።

«እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። ማን ልበል?»

«የትነበርሽ እባላለሁ። ከጎንደር ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ነዶውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ሸጋ ነሽ ለካ» አሉ። «በዚህ ፊት ነው የልጄን ሞት የጻፍሽው?»

«እትዬ፣ እሱ ደህና ነው? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታችን መጽሔቱን ዓርብ ዓርብ ለሰው ታነባለች። ሰው ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ እኔም ሳልፍ ቆሜ እሰማ ነበር። ያን ሾፌር ልጅም ወድጄው ነበር። የኔ ነው የሚመስለው እያልኩ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «አባ ስም ሲጠይቁ፣ የኔን ልጅ ስም ስትጠራ ሰማሁ። ተደብቄ ያስነሳሁት ስም ነው። አባቱ እንኳ እስኪሞት በአፉ አልጠራውም። ስሙን ከነሞቱ ጽፎ ለአገር የበተነ ሰው አለ ብዬ ገበያዬን ጥዬ ሮጥኩ።»

«እሱ የት ነው?»

«ጸበል አስገብቼዋለሁ። ስልኩን ቀምቼዋለሁ። ማኪናውንም እንዳይነካ ብያለሁ። ፈት ከነልጇ ነች ሲሉኝ ነበር የፈራሁት፤ ለካ ያልፈራሁት ነበር የሚብሰው።»

«ሕያው ነው ማለት ነው» አለች የትነበርሽ። ሌላው ስድብ አልተሰማትም። አጥሩን ይዛ ቁጭ አለች።

እትዬ እንኳየሁ ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ይህችን ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት ሲያዩ ተዉት። ልጃቸው ሕያው መሆኑን ሰምታ እንዲህ የምትንቀጠቀጥ መተተኛ አይተው አያውቁም።

ሰውአገኝ በማሳው ጠርዝ መጣ። ፀጉሩ ከጸበሉ ገና እርጥብ ነው፤ ነጭ ጋቢ ለብሷል። ሲያያት እርምጃው ተገታ። ዓይኖቹ ወደ እሷ መሮጥ ጀመሩና መለሳቸው። ያ መመለስ ከተሰደበችው ሁሉ አመማት።

«ለምን መጣሽ?»

«ስልክህ ዝግ ሆነብኝ።»

«ታዲያ ሞተ ብለሽ ነው?» አለ። «በጻፍሽው እንኳ ገና አልሞትኩም።»

«ሰውአገኝ፣ አውቄ አይደለም። እንድምል ብትሉኝ በፈለጋችሁት እምላለሁ። አላየሁትም ስጽፈው።»

«የተናደድኩት በስሙ መሰለሽ?» ወደ እሷ ቀረበ። «እናቴ ፈርታለች፤ እሷ ትፍራ። እኔ ጸበል ላይ ሌላ ሥራ የለኝም፣ የቆዩትን መጽሔቶች በሙሉ ከሻይ ቤቷ አስመጥቼ አነበብኳቸው። ከመጀመሪያው። ትዕግስት ለአዳሙ ምን እንዳለችው ታስታውሻለሽ? ‹ድምፅህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን፣ ቀን አይባልም› አለችው። ‹ከመንገድ ስትመለስ ነው እስትንፋሴን የማስወጣው› አለችው። እኔ ቁስቋም ላይ ቆሜ ስጠይቅሽ፣ መሸ አልሽኝ።»

ሰውአገኝ ወደ ቆመው አባዱላው ዞረ።

«ጥሩምባዬን ለሱ ሰጠሽው። አረማመዴን ሰጠሽው። ስሜን ሳይቀር። ለኔ የተረፈኝ ዩኒፎርም ማመላለስ ነው።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው። «የምትወጂው እሱን ነው፣ የትነበርሽ። እኔ የሱ ዕቃ ተሸካሚ ነኝ።»

«ልቦለድ ነው እኮ» አለች በደከመ ድምፅ።

«ልቦለድ ከሆነ የኔ ስም እዚያ ምን ይሠራል?»

እትዬ እንኳየሁ ነዶው ላይ ተቀምጠው አንዱን ሲያዩ አንዱን ሲያዩ ነበር። ማንም ይሂዱ አላላቸውም፤ እሳቸውም የሚሄዱ አይመስሉም።

የትነበርሽ ተነሳች።

«ስም ልፈጥርለት ብዬ ነበር» አለች። «ወንድ ለሚወዳት ሴት በዝግታ የሚነግራትን ስም ፈለግኩ። በዕድሜዬ የሰማሁት አንድ ብቻ ነው። እጄ ሌላ ከየት ያምጣ?»

ሰውአገኝ መሬት መሬቱን አየ።

«እንዳልከው ነው፣ ሁሉን ነግሬዋለሁ። አዳሙ እኔ ካልፈቀድኩ አይሞትማ። ፍሬኑን የማየው እኔ ነኝ። ዝናቡን የማቆመው እኔ ነኝ። ሲመሽ ቤቱ አስገብቼው በሩን ዘግቼ እተኛለሁ። እንደ ባሌ ልሂድ ቢል እንኳ፣ መስመሩን ሰርዤ እመልሰዋለሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው የፈለግኩትን ብናገር ምን ይመጣብኛል?» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «አንተ ነገ ትነሳና ትሄዳለህ። መንገዱ ምን እንደሚያደርግህ አላውቅም። መመለስህን የምጽፈው እኔ አይደለሁም። አንዴ ከአፌ አውጥቼ ነግሬህ፣ ብትቀርብኝስ? በምን እኖራለሁ?»

ነፋሱ የገብሱን ማሳ አስተኝቶ አነሳው።

«ታዲያ ያን ልጅ ምነው ገለበጥሽው?» አሉ እትዬ እንኳየሁ በድንገት። «በእጅሽ ከነበረ?»

የትነበርሽ ወደ እሳቸው ዞረች። ይህን ጥያቄ ራሷንም ጠይቃ አታውቅም ነበር።

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ። ሁልጊዜ ይገለበጣል፣ ዛሬ ይገለበጣል እያልኩ ስሰጋ... አንዴ ገልብጬው ባርፍ ብዬ ነው መሰለኝ።»

«አረፍሽ?»

«አላረፍኩም።»

ሴትዮዋ ረጅም ተነፈሱ። ከጋቢያቸው ላይ የገብስ ገለባ ለቀሙ። «እኔም አላርፍም» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ይኸን ልጅ በልቤ ስንቴ ቀብሬዋለሁ። ሲዘገይ እቀብረዋለሁ። ሲመጣ ደግሞ እራት አቀርባለሁ። እሱ አያውቅም።»

ሰውአገኝ እናቱን አያቸው። እንዲህ ሲሉ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ የትነበርሽ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ አልሸሸም። ምንም አልጠየቃትም። ያንኑ የቁስቋሙን ጥያቄ እንደያዘ ቆመ።

ትዕግስት ብትሆን አሁን ረጅምና ያማረ ነገር ትናገር ነበር። የትነበርሽ ያማረ ነገር ፈለገችና አጣች።

«እወድሃለሁ» አለች። «ይኸው አልኩህ። እፈራለሁ፣ ደግሞ እወድሃለሁ። እኔ ነኝ ያልኩህ፤ የትነበርሽ።»

ሰውአገኝ የጋቢውን ጫፍ ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። ብርድ ያስመሰለው ነገር ብርድ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ፣ «አዳሙስ?» አለ፤ ድምፁ ግን ወፍሮ ነበር።

«ይድናል። አቶ ምናለ ካልፈለገ ራሱ ይጻፈው።»

«እኔ እንኳ ቅናት ይዞኝ ነበር እንጂ፣ ክፉ ልጅ አይደለም።»

«የሱን ስም ለውጪለት» አሉ እትዬ እንኳየሁ ከነዶው ላይ እየተነሱ። «ለራሱ የሚሆን ፈልጊለት፤ አንቺን መች ስም ያጥርሻል። የልጄን...» ቆም አሉ። ቀጣዩ ቃል ከብዷቸው ነበር። «የልጄን አንቺው ያዥው። ከእንግዲህ ግን ከአፍሽ አይውጣ፤ ሰማሽ?»

የትነበርሽ «ሰማሁ» ለማለት ፈልጋ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ምን እንደተሰጣት ገባት። ያን ያህል ከባድ ነገር የምትይዝበት ቦታ በውስጧ ይኑር አይኑር እርግጠኛ አልነበረችም።

እትዬ እንኳየሁ ከመቀነታቸው ስልኩን ፈተው ለልጃቸው ሰጡት። ገና ሲከፈት ጮኸ። የአምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር፤ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፣ መኪና የለም። ሰውአገኝ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ሁለቱን ሴቶች አፈራርቆ አየ። ሁለቱም አትሂድ ሊሉት ተዘጋጅተው ነበር። እሱም ያውቃል።

የትነበርሽ ነበረች መጀመሪያ የተናገረችው። «ሰው ቆሟል» አለች። እያንዳንዱ ፊደል አቃጠላት። «ሂድ።»

ሸራውን ገፈፈ። ሞተሩ ሁለቴ አንገራግሮ ተነሳ። በመስኮቱ በኩል እጁን አወጣና የእሷን ያዘ፤ መዳፉ ከጸበሉ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ምንም አላለም፣ አጥብቆ ይዞ ለቀቀ።

ሁለቱ ሴቶች አጥሩ ጋ ጎን ለጎን ቆሙ። አባዱላው ከማሳው ዳር ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፤ መናኸሪያው ጋ ቆሞ ሰዉን ጫነ፤ ከዚያ ወደ ዳባት ዞረ። ጉሙ ከዳገቱ እየወረደ ነው። የትነበርሽ የሚመጣውን ሁሉ አየችው፤ የሚያንሸራትተውን አስፋልት፣ ከፊት የሚመጣውን የጭነት መኪና፣ የሚፈርሰውን ድንጋይ። አንዱንም መሰረዝ አልቻለችም።

«ከዚያ ማዶ ደግሞ ትንሽ ብቅ ይላል» አሉ እትዬ እንኳየሁ በእጃቸው እያሳዩ። «እስኪያልፍ አልገባም።»

ጠበቁ። ነጩ መኪና ከጉሙ በላይ እንደ ጥፍር አንሶ ብቅ አለ።

«አየሁት» አለች የትነበርሽ።

«አዎን። አሁን ይጠፋል።»

ጠፋ። ሴትዮዋ ግን አልገቡም፤ እሷም አልሄደችም።

«መንዳት ከጀመረ ጀምሮ እንዲህ ነው የምቆም» አሉ መንገዱን እያዩ። «ብቻዬን።»

የትነበርሽ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። ልቧ ያው እንደ ጠዋቱ ይመታል፤ ምናልባትም ይብሳል። ግን እንዲሁ የሚመታ ሌላ ልብ ከክንዷ አጠገብ ነበር፤ ነፋሱ በመጣ ቁጥር የሁለቱ ጋቢና ነጠላ እየተነካካ፣ ባዶውን መንገድ አብረው አዩ።